የአባ ጥሩነህ ቢላና የእታፈራሁ በርበሬ

ነገር ማስረዘም አልወድም። ይህን ግን አሳጥሬ ብጽፈው ጥቅሙ ይጎድላል ብዬ ስለሰጋሁ፣ የተባባልነውን እንደተባባልነው አስቀምጣለሁ።

አንድ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ቂርያት ጋት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አውቶቡስ ስጠብቅ አባ ጥሩነህን አገኘኋቸው። እኔ ጠዋቱን ያሳለፍኩት በከተማው ዙሪያ ባሉ ገበሬዎች የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የቲማቲም ችግኝ ስመረምር ነበር፤ ደክሞኛል፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ሰንበት ሳይገባ አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት ያለው ቤቴ መድረስ እፈልጋለሁ። አባ ጥሩነህ የአያቴ የአገር ልጅ ናቸው፣ የደንቢያ ሰው፣ እንደ እኛው ይሁዲ። ከድሮዎቹ ሕንፃዎች ጀርባ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሚያለሙት የጋራ የአትክልት ቦታ አለ። የዚያ አለቃ እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም አይሽራቸውም።

“እግዜር አመጣሽ፣ ዶክተር!” አሉኝ።

“እንዴት ዋሉ አባ? ዶክተር አይደለሁም።”

“ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የለም ወይ? ያው ነው።”

ያው አይደለም። የተማርኩት ባዮቴክኖሎጂ ነው። ይሁንና ለቅሶ ቤት በሄድኩ ቁጥር ስለ ጉልበትና ስለ ወገብ ሕመም የሚያማክረኝ አላጣሁም። አባ ጥሩነህ መልሴን ሳይጠብቁ በጋዜጣ የጠቀለሉትን ፈቱ። አንድ የበርበሬ ቅርንጫፍ ነበር። ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሯል፤ ፍሬው ተጨማዶ ቡናማ ጠባሳ አውጥቷል።

“ይኸውልሽ። ለቄሱ ላሳያቸው እየሄድኩ ነበር።”

“ቄሱ የበርበሬ ሐኪም ሆኑ እንዴ?”

“አትቀልጂ! ለበርበሬው አይደለም። ለሴትዮዋ ነው።”

“የትኛዋ ሴትዮ?”

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እታፈራሁ።”

እታፈራሁን አውቃታለሁ። ከጎንደር ከመጣች ብዙ አልቆየችም፤ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ማሸጊያ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። በክርስትና ካደጉት ወገኖቻችን ናት፤ ወደ ይሁዲነቷ የተመለሰችው ኋላ ነው። ስለዚህም አንዳንዶቹ የድሮ መጤዎች ሰላም ሲሏት እንኳ ከአፋቸው ጫፍ ነው። አንድ መደብ መሬት ስታገኝ ግን አባ ጥሩነህ ከበርበሬ ዘራቸው እፍኝ ሙሉ ሰጧት። ዘር አይነፈግም፤ ይህ የአገር ደንብ ነው። ከዚያ በኋላ ለአረም ደቦ ሲጠራሩ እሷን የጠራ አልነበረም፤ ይህም ደንብ መሆኑ ነው።

ስለዘሩ አንድ ነገር ልናገር። አባ ጥሩነህ “የአባቶቻችን በርበሬ” ይሉታል። ልጃቸው ከጎንደር ገበያ ገዝቶ እንዳመጣላቸው ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በየዓመቱ ምርጥ ምርጡን ለዘር እያስቀሩ፣ የቂርያት ጋትን ሙቀትና ጨዋማ ውሃ አስለምደው፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ በርበሬ አድርገውታል። የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ የሚያስፈጩት ከእሳቸው ነው።

“እርሷ ከመጣች ወዲህ፣” አሉ፣ “የኔም የጎረቤቶቼም በርበሬ ይኸው እንደምታዪው ሆነ። የእርሷ ግን ለምልሞ ጣት ጣት የሚያህል ፍሬ አንጠልጥሏል። እንግዲህ ምን ትያለሽ?”

“እርስዎ ምን ይላሉ?”

“እኔ ምንም አልልም። ጎረቤቴ አስቻለች ናት ያለችው። ዓይን ነው አለች። ነገ ሰንበት ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠን የበሩን ቁልፍ እንቀበላታለን። በሰላም፣ ክፉ ቃል ሳንናገር።”

በሰላም! ቅጠሉን ጨበጥኩት። ያልጮህኩት በሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር ስለሆነ ብቻ ነው። ከሥራ ስትመለስ የምታርፍባት አንዲት ካሬ መሬት ብቻ ያላትን ሴት፣ ባልሠራችው ሥራ ፈርደው ሊያባርሯት ነው። አውቶቡሱ መጣ፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

“አባ፣ ይህ በሽታ ይሁን ሌላ ነገር፣ ለምን አታስመረምሩትም?”

“ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ተልኮ? መልሱ ሳምንታት ይፈጃል። ደግሞስ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ የት አያለሁ?” እጀታቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። “ይህን ክንድ አየሽው? እዚህ አገር እንደገባን ደም ስጡ ሲሉን እሰይ ብለን ዘረጋን። ኋላ ስንሰማ የእኛን የሐበሾቹን ለብቻ ለይተው ደፍተውታል። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። በራፉ ተዘግቶ የሚሠራ ምርመራ አላምንም።”

በዚህ አልተከራከርኳቸውም፤ እውነት ነዋ። ሽማግሌዎቻችን ሳይንስ ይጠላሉ የሚሉ አሉ። የሚጠሉት ሳይንስን ሳይሆን የተዘጋውን በር ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ የተማርነው የእኛ ፋንታ ነው።

“እንግዲያስ እዚያው መደብዎ ላይ፣ ዓይንዎ እያየ፣ በገዛ እጅዎ ቢመረምሩትስ?”

“በምን?”

ከቦርሳዬ ለቲማቲሙ ምርመራ የምይዘውን ሣጥን አወጣሁ።

“ይኼማ የምሳ ዕቃ ነው።”

“የምሳ ዕቃ ያክላል። የሚሠራው ግን ሌላ ነው። አባ፣ ልጅ ስትድሩ ምን ትጠይቃላችሁ?”

“ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ምን ነካሽ?”

“ለምን መልክ አይታችሁ አትድሩም?”

“መልክማ ያሳስታል! ወንድማማች የማይመስል ወንድማማች አለ፤ ባዳ ሆኖ ቁርጥ እኔን የሚመስል አለ። ዝምድና በቆጠራ ነው።”

“ይህም እንዲሁ ነው። የበርበሬ ቅጠል በብዙ ምክንያት ይዥጎረጎራል፤ ጨው ሲበዛበት፣ ማዳበሪያ ሲያጥረው፣ ተባይ ሲመጠው። መልኩ ያሳስታል። በዚህ አካባቢ ቲማቲምና በርበሬን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ ግን አለ። ሰውን አይነካም። እንደ ማንኛውም ቫይረስ ዘረመል አለው፤ ትውልዱ በውስጡ ተጽፎ ነው የሚኖር። ቅጠሉን ጨምቀን በዚህች ብልቃጥ ስናስገባ፣ ሣጥኑ ሞቅ አድርጎ ይይዝና የቫይረሱ ጽሑፍ ካለ ያበዛዋል። ከዚያ ይህን ወረቀት እንነክራለን። ወረቀቱ የዚያን ጽሑፍ አንድ ቁራጭ ያውቃል። ቆጠራው ከገጠመ ሁለተኛ መስመር ያወጣል።”

“ካልገጠመስ?”

“አያወጣም።”

“ሰባት ቤት የሚቆጥር ወረቀት በይኝ።”

“ልክ ነው።”

“ስንት ቀን ይፈጃል?”

“ግማሽ ሰዓት ገደማ።”

“ውሸታም!” አሉና ሳቁ። ነገር ግን ቄሱ ቤት የሚወስደው ማቆሚያ ሲደርስ አልወረዱም።

የአትክልት ቦታው በር ላይ እትዬ አስቻለች ጎመን ይቀነጥባሉ። ሣጥኑን ሲያዩ ቀና አሉ።

“ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ጥሩነህ፣ ከቄሱ ቤት ይህን ይዘህ መጣህ?”

“ምርመራ ነው።”

“የታወቀ ነገር ምን ምርመራ ያስፈልገዋል! እዩት፣ የእርሷን እዩት! የሰው ሁሉ በርበሬ ሲያር የእርሷ ሙሽራ መስሏል። የሰለሞንን ጥበብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።”

“እትዬ፣ ባይመረመር ነው ወይስ ተመርምሮ ውሸት ቢሆን የሚያሳፍርዎ?” አልኳቸው።

“ምላሷ እንደ አያቷ ነው፤” አሉ ወደ አባ ጥሩነህ ዞረው። እንደ ስድብም እንደ ምስጋናም ነበር።

እዚህ ላይ አባ ጥሩነህ ያደረጉትን ልናገር። “አንቺ ቅጠል አትቆርጪም፤” አሉኝ። “እኔ እቆርጣለሁ። የትኛው ከየት እንደመጣ አልነግርሽም። ወረቀትሽ እውነተኛ ከሆነ ራሱ ይናገር። አሁን ፊትሽን ወደ አጥሩ አዙሪ።”

አዞርኩ። በትምህርት ዓለም ይህ ትልቅ ስም ያለው የአመራመር ሥርዓት ነው፤ መርማሪው ራሱን እንዳይደልል የተበጀ። አባ ጥሩነህ ሰው ስለማያምኑ ብቻ ደረሱበት። አንዱን ብልቃጥ በክር አሰሩ፣ ሁለተኛውን በሁለት ዙር ክር፣ ሦስተኛውን እንዲያው ተዉት። እንዴት እንደሚጨምቁ አሳየኋቸው፤ በወፍራም ጣታቸው ከእኔ ይልቅ ተጠንቅቀው ሠሩት። ሣጥኑ ውስጥ አስገብተን ክዳኑን ዘጋንና ሎሚ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

ትዕግሥት የለኝም። ያን ግማሽ ሰዓት ግን በከንቱ አላሳለፍኩትም።

“አባ፣ ደንቢያ ሳላችሁ የጎረቤት ላም ስትነጥፍ ማን ነው ይባል የነበረ?”

እትዬ አስቻለች ጎመኑን መቀንጠብ አቆሙ።

“አባትዎ ብረት ቀጥቃጭ አልነበሩም?”

“ነበረ።” ቢላቸውን ከወገባቸው አውጥተው በአውራ ጣታቸው ስለቱን ዳሰሱት። “ይህን የሠራው እርሱ አይደለም፤ እርሱ ቢሆን የተሻለ ይሠራው ነበር። ጎረቤቶቻችን ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መርፌውን ሳይቀር ከእኛ ይወስዱ ነበር። ልጅ ሲታመምባቸው ደግሞ በራችን ላይ ይቆሙ ነበር። ‘ቡዳ በላው’ እያሉ። እናቴ ሸክላ ልትሸጥ ገበያ ስትወጣ ሕፃናቱን በነጠላ ይሸፍኑባት ነበር። አንድ ጊዜ የአንዱ ባለርስት ሰንጋ ሞተና አባቴን ሊገድሉት መጡ። ጦር ሳይቀር ይዘው።”

“ሰንጋው በምን ሞተ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ! በአባ ሰንጋ ይሁን፣ በእባብ ይሁን፣ ሳር ነፍቶት ይሁን። የጠየቀ አለ?”

“የጠየቀ የለም።” ሌላ አልጨመርኩም። ከዚህ በላይ መናገር ሽማግሌን መጫን ነው፤ ደግሞም አላስፈለገም።

እትዬ አስቻለች ግን፣ “ይህና ያ ምን አገናኘው?” አሉ፤ ድምፃቸው እንደቅድሙ አልነበረም።

ሣጥኑ ጮኸ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ራሳቸው ነከሩ። “እያንዳንዱ አንድ መስመር ማውጣት አለበት፤” አልኳቸው፤ “እርሱ ምርመራው መሥራቱን ነው የሚነግረን። ሁለተኛ መስመር የሚያወጣ ካለ ቫይረሱ አለበት።” ሦስታችንም አጎነበስን። ክር የሌለው፣ አንድ መስመር። ሁለት ዙር ክር ያለው፣ አንድ መስመር። አንድ ዙር ክር ያለው፣ አንድ ወጣ፤ ጥቂት ቆየና ሁለተኛው ቀስ እያለ ቀላ።

አባ ጥሩነህ በየተራ እያመለከቱ ነገሩኝ። “ክር የሌለው የሎሚ ቅጠል ነው። ላሳስትሽ ብዬ። ሁለት ዙሩ የእታፈራሁ ነው። ይኼኛው የኔ ነው።” ወረቀቱን ለፀሐይ ከፍ አድርገው ደጋግመው አዩት። “እውነት ተናገረ። ማንም ሳይነግረው።”

“እሰይ!” አሉ እትዬ አስቻለች። “እኔ ምን አልኩ? የእርሷ ንጹሕ፣ የእኛ በሽተኛ። ይኸው ዓይኗ!”

ተናደድኩ። ሆኖም ጥያቄው ጥያቄ ነበር። ቫይረሱ ከሰው ሰው በዓይን አይሄድም፤ ከተክል ተክል በእጅና በስለት ይሄዳል። ታዲያ የሁሉን መደብ አዳርሶ የእርሷን ብቻ የሚዘል ምንድን ነው? አባ ጥሩነህን አየኋቸው። ቢላው አሁንም በእጃቸው ነው።

“አባ፣ የጎረቤቶቹን በርበሬ ማን ነው የሚከረክመው?”

“እኔ ነኛ። የታችኛውን ቅርንጫፍ ካልቆረጡለት ፍሬው አይጠነክርም፤ እነርሱ አይችሉበትም። በየጠዋቱ ዞሬ ሰላም ብዬ እከረክምላቸዋለሁ።”

“በዚህ ቢላ?”

“በሌላ በምን?”

“የእታፈራሁንስ?”

ቢላውን አገላበጡት። መልሱን ለማወቅ ግን ሣጥን አላስፈለገንም። የእርሷን መደብ አልነኩም። ለእርሷ ያደሉት ሰላምታም ቢላም አልነበረም።

የተረፈችኝን ብልቃጥ ሰጠኋቸው። እርጥብ ጥጥ ወስደው የቢላውን ስለትና የእጀታውን ሥር በራሳቸው እጅ ጠረጉ፤ ጥጡን ጨመቁ፤ ሣጥኑን ዘጉ። እትዬ አስቻለች ጎመናቸውን ይዘው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። አልሄዱም።

ሁለት መስመር። ያውም ከቅጠሉ ይልቅ ደማቅ።

አባ ጥሩነህ ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ እንደ እባብ እያዩት። “ከየት አገኘው?” አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ራሳቸው መለሱ። “ቲማቲሙ! በመጸው ወራት አንድ የፕላስቲክ ቤት ደጃፍ የተጣለ ችግኝ ክምር አየሁ። ለምለም ነው፤ እንዴት ይጣላል፣ ኃጢአት ነው ብዬ ሰብስቤ አመጣሁና እዚህ ዳር ተከልኩት። በዚሁ ቢላ።”

“ያለ ምክንያት አልጣሉትም፣ አባ።”

“አዎን። የሰው በሽታ ለቅሜ አምጥቼ፣ ለሁሉም በየጠዋቱ አደልኩ። ለአንዷ ብቻ ንፉግ ሆንኩ፤ እርሷ ዳነች።” ወደ እትዬ አስቻለች ዞሩ። “ዓይን አልሽኝ። እኔም ሰማሁሽ። አስቻለች፣ እኛም በር ላይ ልንቆም ነበር እኮ።”

እትዬ አስቻለች የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

እታፈራሁ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የፋብሪካውን ሰማያዊ ልብስ እንደለበሰች ነበር፤ ሊያስወጧት መሆኑ ወሬው ደርሷት ኖሯል፣ ቁልፉን በእጇ ይዛለች። ከበሩ አላለፈችም።

“እንደምን ዋላችሁ አባ፤ እትዬ። ነገ አትቸገሩ ብዬ ነው።” ቁልፉን ዘረጋች። “ፍሬውን ግን እስኪቀላ ብትተዉልኝ እወድ ነበር። እናንተ የሰጣችሁኝ ዘር ነው፣ በከንቱ እንዳይቀር።”

አባ ጥሩነህ ተነሱ። ቁልፉን አልተቀበሏትም።

“እታፈራሁ፣ ልጄ፣ የኔ በርበሬ ሞቷል። የገደለው የኔ ቢላ ነው። ይቺ ልጅ መረመረችው፤ አይ፣ እኔው መረመርኩት። አንቺ ንጹሕ ነሽ። በርበሬሽም ንጹሕ ነው።” ባዶ መዳፋቸውን አሳዩዋት። “ዘር የለኝም። ዘር ይነፈጋል እንዴ?”

እታፈራሁ መደቧን አየች፤ መሬት ላይ ያለውን ቢላ አየች። ቀስ ብላ ፈገግ አለች።

“አይነፈግም አባ። ደግሞስ የማን ዘር ነው? ግን ሊወስዱ ሲመጡ፣ በእግዜር፣ ቢላውን በር ላይ ይተዉልኝ።”

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አስቻለች ነበሩ። ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ተለወጠና እታፈራሁን አቅፈው “ይቅር በይኝ፣ እኔ አፈር ልብላ” አሏት። እኔ በማልቀስ አልረዳኋቸውም፤ ሰንበት ሊገባ ነበርና ሣጥኔን ሰብስቤ ሮጥኩ።

አንባቢ እንግዲህ ጥቅሙን ይመዝን። አንድ ወረቀት ሊሳሳት ስለሚችል በተከታዩ ሳምንት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላክን፤ መልሱ ሲመጣ ያንኑ አለ። መልሱ ቢዘገይም ሥራው አልዘገየም፤ ምን እንደሚደረግ ያን ዓርብ አውቀን ነበርና። ከእታፈራሁ ተክሎችም አንድ ብቻ ሳይሆን ከየመስመሩ መረመርን። የታመሙት መደቦች ብቻ ተነቅለው በላስቲክ ታስረው ተጣሉ፤ የአትክልት ቦታው በሙሉ አልጠፋም። በባዶው መሬት ባቄላና በቆሎ ተዘራ፤ እነዚህን ቫይረሱ አያጠቃቸውም። በሩ አጠገብ በረኪና፣ እዚህ ኤኮኖሚካ የምንለው፣ በውሃ ተበጥብጦ በባልዲ ተቀመጠ፤ ማንም ስለቱን ሳይነክር አያልፍም። የአባ ጥሩነህ ዘር ከእታፈራሁ መደብ ተለቅሞ፣ ተመርምሮ፣ ዳግመኛ በየቤቱ ታደለ። ለአረም ደቦም የሚጠሩት መጀመሪያ እርሷን ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ምርመራው ወደ እኛ ስለመጣ ነው። ራቅ ባለ ቦታ፣ ባልታየ እጅ ቢሠራ መልሱ ትክክል ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከቁልፉ በኋላ ይደርስ ነበር፣ የሚያምነውም አይኖርም ነበር። በየማሳው፣ በየክሊኒኩ፣ በየውሃ ጉድጓዱ ሰው ራሱ የሚያደርገው ምርመራ ሲኖር፣ የበሽታው ስም ቶሎ ይታወቃል። የበሽታው ስም ቶሎ ሲታወቅ ደግሞ የጎረቤት ስም አይጎድፍም። ይህን መሣሪያ ለሠሩት፣ ከእኔ በፊት ለደከሙትም ሁሉ፣ ስለ አባ ጥሩነህ አባት ስል አመሰግናለሁ። ለእርሳቸው ዘገየ እንጂ ለእታፈራሁ ደረሰ።

አባ ጥሩነህ አሁን በአትክልት ቦታው የሰው ስም የሚያነሳ ሲገኝ፣ “መጀመሪያ ቢላህን መርምር” ይላሉ። በየዓርቡም ከአዲሱ ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልለው ካርሜ ጋት ድረስ በአውቶቡስ ያመጡልኛል፤ በጣም ስለሚያቃጥል መብላት አልችልም፣ ግን እቀበላለሁ። በር ላይ ቆመው ይመርቁኛል።

“እግዜር ይስጥሽ፣ ዶክተር።”

“አሜን፣ አባ፤” እላለሁ። ዶክተር አይደለሁም ማለቱን ትቻለሁ።